ሁለተኛው አሜን

ጋሽ ጴጥሮስ ማረፋቸውን የሰማሁት ሲቀላ ገበያ ሙዝ ስመርጥ ነው። የደወለልኝ ዳዊት ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩ ዳዊት። «የቤቴል እናት፣ ጋሼ ሄዱ» አለኝ። ሻጯ «ትወስጂዋለሽ ወይስ ትተይዋለሽ?» ስትለኝ የያዝኩትን ሙዝ መልሼ አስቀመጥኩና ባዶ ዘንቢሌን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

የተቀበሩት በተወለዱበት በገረሴ ነው። ሚኒባስ ተኮናትረን ወጣን። እኛ የአርባ ምንጭ ሙቀት የለመድን ሰዎች ደጋው ላይ ስንደርስ ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ፤ የአገሩ ሰዎች አዝነውልን ጋቢ አዋሱን። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ለቀስተኛውን ስመለከት ግን አንድ ነገር ገረመኝ። በሕይወታቸው «ተነሳ» ያሏቸው ሰዎች ሁሉ መጥተዋል። ሐኪም የሆነው፣ መኪና የገዛው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ እነሱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አስከሬኑን የተሸከመው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ወንበር የሚያመላልሰው ግን ያልተሳካለት ነው። ቁጥራቸውም ከተሳካላቸው ይበልጥ ነበር። ምክሩን ሰምተው የወደቁ ሰዎች እንዲህ የሚያለቅሱለት ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከእንግዲህም የማይ አይመስለኝም።

ጋሽ ጴጥሮስ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። እኔ ጎረቤታቸው የሆንኩት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ሲቀላ ውስጥ ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነበር፤ እሱንም የእሳቸው ማንጎ ገፍቶ ወደ እኛ አዘንብሎታል። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ሲሄዱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይፈጥናሉ፣ ለስብሰባ የረፈደባቸው ይመስላሉ። ማንጎው ሥር አግዳሚ ወንበር አለች። ማንም ይሁን ማን «ጋሼ፣ አንድ ነገር አስቤያለሁ» ካላቸው ጠጋ ይሉና ባዶውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉለታል። ሰውየው ተቀምጦ ያሰበውን ይናገራል። ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይሰሙታል። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚሉት፤ «ተነሳ»። ለወንዱም ለሴቷም «ተነሳ» ነው። አማርኛቸው የገረሴ አማርኛ ስለሆነ እኔንም ደስ ሲላቸው «ና» ይሉኝ ነበር።

ከእኔ ጋር ሲከራከሩ ነው የኖሩት። አባቴ ከጎጃም በሥራ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ እኔም የጋሞ ሰው አግብቼ፣ የባለቤቴን ቤተ ክርስቲያን ለምጄ፣ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ውስጥ ጨረስኩ። ደመወዝ በጊዜው ሲገባ ነው ልቤ የሚያርፈው። ሰው ያለውን ትቶ የሌለውን ሲያሳድድ ማየት አልችልም። አንድ ቀን ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ «ጋሼ፣ ሰውን ሁሉ ተነሳ ተነሳ ይላሉ። ማን ይቀመጥ ታዲያ?» ብላቸው፣ ቀና ብለውም ሳያዩኝ «አንቺ አለሽ አይደል» አሉኝ።

ምክንያታቸውን ነግረውኛል። ልጅ ሆነው ሬዲዮ ላይ ዜና ማንበብ ይመኙ ነበር። «ገረሴ ውስጥ ቁጭ በል ያላለኝ ሰው የለም» ይሉ ነበር፤ «አባቴ ቁጭ በል አለኝ፣ አጎቴ ቁጭ በል አለኝ፣ አስተማሪዬ እንኳ ቁጭ በል አለኝ። አንድ ሰው ተነሳ ቢለኝ ኖሮ የቤቴል እናት፣ ድምፄን በሬዲዮ ነበር የምትሰሚው።» እውነታቸውን ነው፤ ድምፅ ነበራቸው። ቤታቸው ውስጥ ሲጸልዩ እኔ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሆኜ አሜን እል ነበር።

ብዙ ሰው አስነስተዋል። ልጆቿን አሳድጋ ከጨረሰች በኋላ በማታ ትምህርት ነርስ የሆነች ሴት አለች፤ ላይኛው ከተማ ሴቻ ትሠራለች፣ መርፌ ስትወጋ አያምም። በሌላ በኩል ደግሞ ዜማ የሚባል ነገር ያልፈጠረበትን አንድ ግንበኛ «ተነሳ፣ ዘምር» ብለው መዘምራን ውስጥ አስገብተውታል፤ አበሳውን እሁድ እሁድ የምናየው እኛ ነን። እሳቸው ግን ሰውየው ሲዘምር ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙታል። እየቀለዱ ይሆን እያልኩ ፊታቸውን አይ ነበር፤ አይቀልዱም።

የዳዊት ነገር የመጣው እንዲህ ነው። ዳዊት መናኸሪያው አጠገብ የራሱ ወንበርና የራሱ መስተዋት ያለው ፀጉር አስተካካይ ነበር። አንድ ቀን የጋሽ ጴጥሮስን ፀጉር እየቆረጠ፣ አባያ ሐይቅ ዳር የአሳ ቤት ቢኖረው እንዴት ደስ እንደሚለው አወራ። ወሬ ነበር፤ ፀጉር አስተካካይ ሁሉ ያወራል። ጋሽ ጴጥሮስ ግን ግማሹ ፀጉር ተቆርጦ ግማሹ እንደቆመ፣ ጨርቁን ከአንገታቸው አውልቀው «ተነሳ፣ ቦታውን አሳየኝ» አሉት። በዚያው ፀጉር ባጃጅ ተሳፍረው አባያ ወረዱ። ሲመለሱ በአጥሩ ላይ አየኋቸው፤ የሚያስቅ መልክ ነበራቸው፣ ፊታቸው ግን ያበራ ነበር።

በቤተ ክርስቲያናችን አንድ ልማድ አለ። እሁድ ከስብከቱ በፊት ሐሳብ ያለው ሰው ወደ ፊት ይወጣል፤ ሊያገባ ያሰበ፣ ሊነግድ ያሰበ፣ ሌላ አገር ሊሄድ ያሰበ። ለጉባኤው ይናገራል፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ይጭኑበታል፣ ይጸለያል፣ ሁላችንም በአንድ ድምፅ አሜን እንላለን። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሐሳቡ የሰውየው ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «እንዴት ሆነልህ?» ይለዋል። «ተውኩት» ማለት የሰውን ሁሉ ጸሎት መሬት እንደመጣል ይሆንበታል። ማንም እንዲህ ብሎ አያስተምርም፤ ግን ሁሉም እንዲህ ነው የሚሰማው።

ዳዊት ወጣ፣ ተጸለየለት፣ አሜን አልን። ወንበሩንና መስተዋቱን ሸጦ አባያ ዳር የሣር ክዳን ያላት የአሳ ቤት ሠራ። መጀመሪያ ላይ ሰው ይጎርፍለት ነበር፤ እኔም ልጄን ይዤ ሄጃለሁ፣ ከአሳው ጋር የሚቀርበው ዳጣ እሳት ነበር። ከዚያ ሐይቁ መጣ። አባያ እየሰፋ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ የዳርቻውን የሙዝ እርሻ ሲውጥ ሁላችንም አይተናል። ዳዊትም ያውቃል፣ ጋሽ ጴጥሮስም ያውቃሉ። ግን አሜን ከተባለ በኋላ ማን ውኃ ይለካል? ውኃው ቤቱ ውስጥ ገብቶ ወንበሮቹ ተንሳፈፉ። ዳዊት በማግስቱ ጠፋ። ለእናቱ እንኳ ወዴት እንደሚሄድ አልተናገረም።

እናቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከጋሽ ጴጥሮስ ኋላ ባለው መደዳ ይቀመጡ ነበር። አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯቸውም። «ሰላም ነው ወንድም ጴጥሮስ» ይሏቸዋል፤ በቃ። ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ አንገታቸውን ደፉ። ሰው አግዳሚው ላይ መጥቶ ሲቀመጥ «እህ» ይላሉ እንጂ «ተነሳ» አይሉም። እኔ ዓለምን ሁሉ ቁጭ በሉ የምል ሴት፣ ያቺ ቃል ስትናፍቀኝ ጊዜ ለራሴም ገረመኝ።

በኋላ አንድ ሾፌር ዳዊትን ጂንካ አየሁት ብሎ ወሬ አመጣ። ጋሽ ጴጥሮስ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ይዘውት ከተመለሱ በኋላ አግዳሚዋ ላይ ቁጭ ብለን እንዴት እንዳገኙት ነገሩኝ። በሰው ፀጉር ቤት ውስጥ ወለል እየጠረገ ነበር። ሲያያቸው መጥረጊያውን ከኋላው ደበቀ።

«መጥረጊያውን ደበቀብኝ» አሉኝ። «እኔ ላይ ይጮህብኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። ለምን ወደ ቤትህ አልመጣህም ስለው ምን አለኝ መሰለሽ? ጋሼ፣ ሰው ሁሉ አሜን ብሎልኛል፣ በየትኛው ፊቴ ልመለስ?»

ከዚያ በኋላ ነው ዛሬም ድረስ የምናስታውሰውን ነገር ያደረጉት። ከኩልፎ ወንዝ ዳር መሬት ተከራይተው ሙዝ ሊያለሙ ያሰቡ ባልና ሚስት ወደ ፊት ወጡ። ተጸለየ፣ አሜን አልን። ባልና ሚስቱ ወደ ቦታቸው ሊመለሱ ሲሉ ጋሽ ጴጥሮስ ከሽማግሌዎቹ መሐል እጃቸውን አነሱና «አንድ ነገር ቀርቶናል፣ ቁሙ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ባይሳካላቸው ደግሞ ወንድማችንና እህታችን ናቸው። በፈለጉት ቀን ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ማንም ፊቱን አያዞርባቸውም። አሜን በሉ።»

ማንም አላለም። ወንጌላዊያችን ያኔ ከኮሌጅ የወጣ ትኩስ ልጅ ነበር፤ ማይኩን ያዘና በትሕትና «ጋሽ ጴጥሮስ፣ ለእግዚአብሔር በሰጠነው ነገር ላይ ባይሳካ አንልም፤ የእምነት ማነስ ይሆንብናል» አላቸው።

«አንተ አትበል፣ ልጄ» አሉት። «አንተ ጂንካ አልሄድክም።»

ብዙ ሰው ተቀየማቸው። ሟርት ነው ተባለ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አርጅተዋል ብያለሁ። እሳቸው ግን በሚቀጥለውም እሁድ፣ ከዚያ በኋላም፣ ሰው በተጸለየለት ቁጥር እጃቸውን ያነሳሉ። መጀመሪያ የዳዊት እናት ብቻቸውን አሜን አሉ። ቀጥሎ ግንበኛው ዘማሪ፣ ያው ከዜማው ወጣ ብሎ። እያለ እያለ ጉባኤው ለመደው፤ ሁለተኛው አሜን ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን ይባል ጀመር። ወንጌላዊው ራሱ በኋላ ትዳር ሊይዝ ወደ ፊት ሲወጣ ጋሽ ጴጥሮስን በዓይኑ ሲፈልግ አይቼዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ልጄ ቤቴል ባንክ ተቀጥራ ነበር። የባንክ ሥራ ማለት ለእኔ ሌላ ጸሎት አያስፈልገኝም ማለት ነው። ልጅት ግን ማታ ማታ ስልኳ ላይ ተጥዳ፣ ኮት የለበሱ ጎረምሶች «ህልምህን ተከተል፣ ዛሬውኑ ሥራህን ልቀቅ» ሲሉ ትሰማለች። አንዳንዴ ከኋላዋ ቆሜ እሰማቸው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አልወድም፤ ሂድ ብሎ ስልኩን ይዘጋል፣ የሄደው የት እንደደረሰ አይጠይቅም። አንድ ቀን ቁርስ ላይ «እማ፣ ባንኩን ልለቅ ነው» አለችኝ። ዱንጉዛውን፣ ያንን ቀይና ቢጫና ጥቁር የጋሞ ሽመና፣ ቀሚስና ቦርሳ አድርጋ ልትሰፋ፣ ሐዋሳ ሱቅ ልትከፍት። እጇ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ግን ተናደድኩ። «ከዚህ ደጅ ባንኩን ለቀሽ ከወጣሽ እንዳትመለሺ» አልኳት። እናት ስትናደድ የማትለው የለም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጋሽ ጴጥሮስ ሄድኩ። ቤቴል ከአባቷ ይልቅ እሳቸውን ነው የምትሰማው። ማንጎው ሥር በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር፤ ቦታውን መታ መታ አደረጉልኝ።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት። ቤቴል ሥራዋን ልትለቅ ነው። ተይ ይበሉልኝ።»

«ተይ ልበላት?»

«አዎ። ለሌላው ሁሉ ተነሳ ሲሉ ኖረዋል። ለእኔ ልጅ አንዴ ቁጭ በይ ቢሉልኝ ምን ይጎድልብዎታል?»

«እሺ፣ ልበላት። ከዚያ ዕድሜ ልኳን የሚከፋ ፊቷን የምታይው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ?»

«ደመወዝ ያለው ፊት ይሁን እንጂ እኔ አየዋለሁ።»

በቆሎው ከጭናቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ፍሬውን እየለቀሙ ጠየቁኝ።

«ሄዳ ባይሆንላትስ፣ ወዴት ነው የምትመለሰው?»

«ወዴት ትመለሳለች ጋሼ፤ ወደ ቤቷ ነዋ።»

«ታውቃለች?»

«ምኑን?»

«መመለስ እንደምትችል። ነግረሻታል?»

ጠዋት ምን እንዳልኳት አልነገርኳቸውም። ፊቴን አይተው ግን የገባቸው ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ እኔን ትተው ለራሳቸው ነው የተናገሩት።

«ዳዊትን የበደልኩት ተነሳ ስላልኩት አይመስለኝም። ተነሳ ብዬ ሌላውን ሳልነግረው በመቅረቴ ነው» አሉ። «አንዳንድ ቀን ደግሞ ይሄ ራሱ ለራሴ መጽናኛ ያዘጋጀሁት ይመስለኛል። ዝም ብዬው ቢሆን ኖሮ ያ ልጅ ዛሬም መስተዋቱ ፊት ቆሞ ነበር። ይሄን አላውቅም የቤቴል እናት። እንዴት ይታወቃል? የተነሳውን እንጂ ያልተነሳውን ሰው ማን አይቶት ያውቃል?»

ይህን ሁሉ ብለው ግን «ተይ» አላሏትም። «ተነሳ»ም አላሏትም። ቤቴል ራሷ መጥታ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ እያሰጣሁ ጆሮዬን ጥዬ ነበር፤ የጠየቋት ክሩን ከማን እንደምታመጣ፣ የምትኖረው ከማን ጋር እንደሆነ፣ ሲከፋት ለማን እንደምትደውል ነው።

እሁድ ቤቴል ወደ ፊት ወጣች። ተጸለየላት። አዳራሹ አሜን አለ፣ ባለቤቴም አሜን አለ፤ እኔ አፌን ገጥሜ ተቀመጥኩ። ለማላምንበት ነገር አሜን አልልም። ጋሽ ጴጥሮስ እጃቸውን አነሱ። ያን ጊዜ ደክመዋል፣ በከዘራ ነው የቆሙት፣ ድምፃቸው ግን ያው ነበር። «ባይሳካላት ደግሞ ልጃችን ናት። በፈለገችው ቀን ባዶ እጇን ትመለሳለች።» ከማንም በፊት፣ ከማንም በላይ አሜን አልኩ። ፊት ያሉት ሰዎች ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ ነው ያልኩት። ቤቴልም አየችኝ። ልጄ ያን ቀን እንዳየችኝ አይታኝ አታውቅም።

እሷ ሐዋሳ ሄደች። ጋሽ ጴጥሮስ ብዙም ሳይቆዩ እርጅናው ሲበረታባቸው ወደ ገረሴ ወደ እህታቸው ልጅ ተወሰዱ። ሊሄዱ ሲሉ ግቢያችን ገብተው ዞር ዞር ብለው አዩና «አሁንም ቁጭ ብለሻል አይደል?» አሉኝ። «ቁጭ ብያለሁ» አልኳቸው። «ጎሽ፣ እንደዚያው ሁኚ። ሰው ሲመለስ ቤት ሰው ሊኖር ይገባል» አሉኝ። የመጨረሻ ንግግራችን ይህ ነው። ስቀልድባቸው የኖርኩትን ሰው ስሸኝ እንዲያ አለቅሳለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በበጋ፣ አንድ የገበያ ቀን ነው። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ እኔ ደጅ ላይ የሃለኮ ቅጠል እየቀነጠስኩ ነው። አንድ ባጃጅ ሰው እየጠረገ፣ ጡሩንባውን እየነፋ በዋናው መንገድ መጣ። ጣሪያው ላይ የስፌት ማሽን ታስሯል። በጎኑ የዱንጉዛ ጥቅል ወጥቶ ይንጠለጠላል። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያያል፤ ማዶ ያለው ባለሱቅ ሳይቀር ወጥቷል። ባጃጁ እኛ ደጅ ቆመና ቤቴል ወረደች። ከስታለች፣ ፀሐይ አጥቁሯታል። ፊቷን አልሸፈነችም፣ ድምጿንም ዝቅ አላደረገችም።

«እማ» አለችኝ ከመንገዱ ላይ ሆና፣ «ከሰርኩ። ምሳ አለ?»

ስንት የምላት ነገር አጠራቅሜ ነበር፤ አልኩሽ አይደል የሚለው ብቻ እንኳ ቀኑን ሙሉ ያስኬደኝ ነበር። አንዱም አልመጣልኝም።

«አለ» አልኳት። «እጅሽን ታጠቢና ግቢ።»